ልጅ ኢያሱና የመንግሥት ንብረት ሒሳብ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሕግ ሲያስገድደው ሒሳቡን ለመርማሪ እንደሚያቀርብ የታወቀ ነው። ሕግ ሳያስገድደውና ከበላይ ትእዛዝ ሳይደርሰው በገዛ ፈቃዱ መዝገቡን ገልጦ መርምሩኝ የሚልበት ምክንያት ግን በቀላሉ የሚገለጥ አይደለም። ሥልጣን በባሕርዩ ጠያቂ መሆንን እንጂ ተጠያቂ መሆንን አይወድም። እንዲህ ከሆነ ዘንድ፣ በታሪክ ውስጥ አልፎ አልፎ በራሳቸው ላይ ተቆጣጣሪ ያቆሙ ባለሥልጣኖች ምን አግኝተው፣ ወይም ምን ሠግተው ይህን አደረጉ? ይህ ጥያቄ የሙያችን መሠረት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ በጥቂቱ እንመረምረዋለን።

ስለ ቁጥጥር ታሪክ በምንነጋገርበት ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሌሎችን አገሮች ምሳሌ እናነሣለን። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ1809 የቆመውን የእንባ ጠባቂ ሹመት፣ በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. በ1866 የመንግሥትን ወጪ በየዓመቱ ለፓርላማ ከሚቀርብ ሒሳብ ጋር ያስተሳሰረውን ሕግ እንጠቅሳለን። ምሳሌዎቹ ጠቃሚ ናቸው። ሆኖም በአገራችንም ጉዳዩን የሚያበራ፣ ከዚያም በላይ ጉድለቱን ጭምር የሚያሳይ የሕይወት ታሪክ አለ። እሱም በወሎ ተወልደው፣ ከ1903 እስከ 1909 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ያስተዳደሩት የልጅ ኢያሱ ታሪክ ነው።

ልጅ ኢያሱ በሕዝብ ዘንድ የሚታወቁት በሒሳብ ምርመራ አይደለም። ስማቸው ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የሃይማኖታቸው ክርክር፣ የጋብቻቸው ብዛት፣ የጉዞአቸው ርዝመትና የአወዳደቃቸው ፍጥነት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ግን የመንግሥት ንብረት የሚመረመርበትን ሥርዓት እንዲቆም ማድረጋቸውን ከመልካም ሥራዎቻቸው አንዱ አድርገው መዝግበውላቸዋል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለ ዘመናቸው ፍርድ መስጠት አይደለም። ሌላውን ለመጠየቅ ሥርዓት ያቆመ ገዥ ራሱን ከጥያቄ ውጭ ቢያደርግ ምን እንደሚደርስበት መመልከት ነው።

ትውልድ በወሎ

ልጅ ኢያሱ በ1880ዎቹ ማለቂያ በወሎ ተወለዱ። እናታቸው የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋ፣ አባታቸው ደግሞ በኋላ ንጉሥ የተባሉት ራስ ሚካኤል ነበሩ። ራስ ሚካኤል አስቀድሞ መሐመድ ዓሊ ይባሉ የነበሩ የወሎ ባላባት ሲሆኑ፣ በ1870 ዓ.ም. ከደሴ ብዙ በማይርቀው በቦሩ ሜዳ ከተደረገው ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ተጠመቁ። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የወሎን ፈረሰኛ መርተው ዘመቱ። እንግዲህ ሕፃኑ የተወለዱት በአንድ በኩል ከሸዋ የነጋሢ ቤት፣ በሌላ በኩል ከወሎ የባላባት ቤት ነው። ዘመዶቻቸውም በሁለቱ ሃይማኖቶች ውስጥ የተሠራጩ ነበሩ።

በጦሳ ተራራ ግርጌ የምትገኘው ደሴ ስሟን ያገኘችው ከአፄ ዮሐንስ እንደሆነ ይነገራል። ዋና ከተማ አድርገው ያሳደጓት ግን ራስ ሚካኤል ናቸው። በከተማዪቱ ካሠሯቸው ሕንፃዎች መካከል ስሙ እስከ ዛሬ የሚጠራው አይጠየፍ የተባለው የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ትርጉም ያለው ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ባለጸጋውም ድኻውም ሳይናቅ የሚስተናገድበት ቤት ማለት ነው። በወሎ ለሚያስተዳድር ሰው ይህ የቸርነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። ሕዝቡ በእምነት ሁለት በሆነበት አገር፣ ገዥው ለአንዱ ወገን ብቻ የቆመ ከመሰለ ሥልጣኑ ይናጋል። ስለዚህ በሁሉም ዘንድ መታየትና መታመን የአገዛዙ ዋልታ ነበር።

የአገሩ አቀማመጥም የሒሳብን ጉዳይ ከባድ ያደርገው ነበር። ከደሴ ቁልቁል ሲወረድ የቦርከና ሸለቆና ዛሬ ኮምቦልቻ ያለችበት ሜዳ ይገኛል። ከዚያም ወዲያ ደገኛውና ቆለኛው የሚገናኙበት የባቲ ገበያ አለ። ከአፋር በረሃ ጨው በግመል ይመጣል፤ ከደጋው እህል፣ ማርና ከብት ይወርዳል። በየኬላው ቀረጥ ይሰበሰባል። ከገበሬው አሥራት በዓይነት ይገባል። አንድ ቁና እህል ከገበሬው ጎተራ ወጥቶ የገዥው ጎተራ እስኪደርስ ድረስ በጭቃ ሹሙ፣ በምስለኔውና በጎተራ ጠባቂው እጅ ያልፋል። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ጥቂት ቢቀር፣ ገዥው የሚያየው የመጨረሻውን ቁና ብቻ ነው። ገበሬው ግን የሚያስታውሰው የመጀመሪያውን ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያሳይ መዝገብ ከሌለ ገበሬው የሚያማው ጎተራ ጠባቂውን ሳይሆን ገዥውን ይሆናል።

ዘውድ ያልተጫነበት ሥልጣን

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። ከነዚህም ውስጥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር፣ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ የንግድ፣ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም እየደከሙ በመሄዳቸው የመንግሥቱ ሥራ በአንድ ሰው ዐይንና ጆሮ ሊጠበቅ እንደማይችል ታውቆ ነበር። በግንቦት ወር 1901 ዓ.ም. የልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው በአዋጅ ተነገረ። ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚት ሆነው ተሾሙ። ራስ ቢትወደድ በ1903 ዓ.ም. ሲያርፉ በእሳቸው ቦታ ሌላ ሞግዚት አልቆመም። ስለዚህ ገና በጉርምስና ዕድሜ የነበሩት ልጅ ኢያሱ የመንግሥቱን ሥራ በራሳቸው ያዙ።

ይህ ሥልጣን እንግዳ ጠባይ ነበረው። አፄ ምኒልክ እስከ ታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ድረስ በሕይወት ነበሩ፤ ካረፉም በኋላ ሞታቸው ለረጅም ጊዜ በይፋ አልተነገረም። ልጅ ኢያሱ ዘውድ አልደፉም፤ ቅብዓ መንግሥትም አልተቀቡም። በግንቦት 1906 ዓ.ም. አባታቸውን በደሴ የወሎና የትግራይ ንጉሥ አድርገው ሲያነግሡ፣ ራሳቸው ያልነገሡት ልጅ አባታቸውን አነገሡ። በዙሪያቸው የነበሩት ሚኒስትሮችና መኳንንት የአያታቸው ሹማምንት ነበሩ። በዕድሜም፣ በልምድም፣ በሠራዊትም ይበልጧቸው ነበር። ግምጃ ቤቱንና ቀረጡን የያዙት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ትእዛዝ የሚወጣው ከወጣቱ ገዥ ቢሆንም፣ ትእዛዙ መፈጸም አለመፈጸሙን ለማወቅ የሚችሉት በአስፈጻሚዎቹ ቃል ብቻ ነበር።

የግምጃ ቤቱ ችግርና የቁጥጥሩ ሐሳብ

በዚያን ጊዜ የነበረው የንብረት አያያዝ ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር ዋናው ጉድለት የመዝገብ እጥረት አልነበረም። ጸሐፌ ትእዛዝና በጅሮንድ ነበሩ፤ ገቢና ወጪም ይጻፍ ነበር። ዋናው ጉድለት ንብረቱን የሚይዘው፣ መዝገቡን የሚጽፈውና ወጪውን የሚያዘው ሰው በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ፣ አንዱ የሌላው ባለሟል መሆናቸው ነው። ከዚህም በላይ የመንግሥቱ ሀብት ከንጉሡ ሀብት አልተለየም። የንጉሡ ጎተራ የአገሩ ጎተራ፣ የአገሩም ግምጃ ቤት የንጉሡ ግምጃ ቤት ነበር። የማን እንደሆነ ተለይቶ ያልታወቀ ንብረት ደግሞ ጎደለ ለማለት እንኳ አይቻልም።

ይህን ጉድለት በጽሑፍ ካመለከቱት የዘመኑ ምሁራን ዋነኛው ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ናቸው። በአውሮፓ ተምረው የተመለሱት እኒህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1912 በአሥመራ በታተመው ስለ አፄ ምኒልክና ስለ ኢትዮጵያ በጻፉት ድርሰት፣ አዲሱ መሪ ሊያከናውኗቸው የሚገቡ ሥራዎችን ዘርዝረዋል። የመንግሥቱ ሀብት ከንጉሡ የግል ሀብት እንዲለይ፣ ግብር በአቅም ተመጥኖ በገንዘብ እንዲከፈል፣ ሕግ ተጽፎ እንዲወጣና የሃይማኖት ነፃነት እንዲጠበቅ የሚሉት አሳቦች በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ከነዚህ ሁሉ ለእኛ ሙያ የቀረበው የመጀመሪያው ነው። የመንግሥትን ሀብት ከገዥው ሀብት መለየት የሒሳብ ምርመራ መነሻ ነውና።

ልጅ ኢያሱ ይህን ምክር ሙሉ በሙሉ አልፈጸሙትም። ነገር ግን በዘመናቸው የመንግሥት ንብረት የሚቆጠርበትና የሚመረመርበት ሥርዓት እንዲቆም አድርገዋል። ከዚሁ ጋር የሚዛመዱ ሌሎች እርምጃዎችም ወሰዱ። ለአዲስ አበባ ከተማ ተረንቡሌ የሚባለውን የጸጥታ ዘበኛ አቋቋሙ። ከሳሽና ተከሳሽ ፍርድ እስኪያገኙ ድረስ በአንድ ሰንሰለት የሚታሠሩበትን የቁራኛ ልማድ፣ እንዲሁም መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየመራ ሌባ ያገኛል የሚባልበትን የሌባ ሻይ ልማድ ለማሻሻል ሞክረዋል።

እነዚህን እርምጃዎች አንድ ላይ ስንመለከታቸው የጋራ ባሕርይ እናገኝባቸዋለን። ሌባ ሻይ አንድን ሰው ጥፋተኛ የሚያደርገው ያለ ማስረጃ ነው። ቁራኛ አቤት ባዩን ከበደለኛው ጋር እኩል ያሥራል። ያልተመረመረ ግምጃ ቤት ደግሞ ታማኙን ሹም ከአጉዳዩ ሹም አይለይም። በሦስቱም ቦታ የጠፋው ነገር ማስረጃ ነው። ማስረጃ በሌለበት ንጹሑም ሰው ንጽሕናውን ሊያስረዳ አይችልም። እንግዲህ የንብረት ምርመራ የተጀመረው ጥፋተኛውን ለመያዝ ብቻ አይደለም። ሥርዓቱ ታማኙ ባለሥልጣን ታማኝነቱን የሚያሳይበትን መንገድ የሚከፍት ነበር።

በገዛ ፈቃድ የመቆጣጠር ምክንያቶች

ልጅ ኢያሱን ይህን እንዲያደርጉ ያስገደዳቸው ፓርላማ አልነበረም። ሕገ መንግሥት አልነበረም፤ ነፃ ጋዜጣም አልነበረም። ታዲያ ለምን አደረጉት? ከነበሩበት ሁኔታ ተነሥተን ብንመረምረው ሦስት ምክንያቶች ጎልተው ይታያሉ። እነዚህ ምክንያቶች በማንኛውም ዘመን ላለ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚሠሩ ናቸው።

የመጀመሪያው ለማየት መፈለግ ነው። የበላይ ኀላፊ ከሥራው በራቀ ቁጥር የሚያየው ሥራውን ሳይሆን ስለ ሥራው የሚነገረውን ነው። ልጅ ኢያሱ ከዋና ከተማው ርቀው ወደ ወሎ፣ ወደ ሐረርጌና ወደ ደቡብ ምዕራብ ለብዙ ወራት ይጓዙ ነበር። እሳቸው በሌሉበት ግምጃ ቤቱ የሚከፈተው በሌሎች ቁልፍ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ገዥ የሒሳብ መርማሪ ሁለተኛ ዐይን ማለት ነው። ዛሬም አንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ቁጥጥር ክፍል ሲያቋቁም ቀዳሚው ተጠቃሚ ራሱ የመሥሪያ ቤቱ ኀላፊ መሆኑን ብዙዎቻችን ከሥራችን እናውቃለን።

ሁለተኛው መታመንን መፈለግ ነው። ዘውድ የደፋ ንጉሥ በቅብዓቱ ይታመናል፤ ብዙ ሠራዊት ያለው ራስ በጦሩ ይፈራል። ዘውድ ያልደፋና በአያቱ ሹማምንት የተከበበ ወጣት ግን መታመንን በሥራው ማግኘት አለበት። የመንግሥት ሀብት በሥርዓት እንደሚጠበቅ ለማሳየት መጣር እንግዲህ ለመንግሥትነት ማረጋገጫ ከመፈለግ የሚመጣ ነው። በዘመናችንም ቢሆን አዲስ የተቋቋሙ መሥሪያ ቤቶች፣ ሥልጣናቸው ገና ያልረጋ ኮሚሽኖችና ከሌላ እጅ ገንዘብ የሚቀበሉ ድርጅቶች ከነባሮቹ ይልቅ ሒሳባቸውን ለማሳየት የሚፈጥኑት በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው ሌላውን ለመገደብ መፈለግ ነው። በዚህ ላይ ግልጽ መሆን ይገባል። ምርመራው የሚደርሰው በአያታቸው ሹማምንት እጅ ባለው ንብረት ላይ ነበርና፣ የቁጥጥሩ ሥርዓት ለወጣቱ ገዥ የፖለቲካ መሣሪያም ሊሆን ይችል ነበር። ይህ ሐሳቡን መጥፎ አያደርገውም። ብዙ መልካም ሥርዓቶች የተወለዱት ከሥልጣን ፉክክር ነው። ነገር ግን ሥርዓቱ ከዚህ ሦስተኛ ምክንያት ያላለፈ እንደሆነ፣ ተመርማሪዎቹ ምርመራውን እንደ ጥቃት ይቆጥሩታል። መርማሪውንም የሚያዩት እንደ ባለሙያ ሳይሆን እንደ ጌታው መልእክተኛ ነው።

ጠያቂው ሲጠየቁ

የልጅ ኢያሱ ቁጥጥር አቅጣጫው አንድ ነበር፤ ከላይ ወደ ታች። የታችኛው ለላይኛው ሒሳብ ያቀርባል፤ የላይኛው ግን ለማንም አያቀርብም። የዚህም ውጤት በራሳቸው ሥራ ላይ ታየ። በ1904 ዓ.ም. ግድም ወደ ጊሚራ አገር ያደረጉት ዘመቻ ብዙ ሰው የተማረከበትና ለባርነት የተነዳበት እንደነበረ ታሪክ ይመሰክራል። ስለዚያ የጠፋ ሰውና ስለተፈናቀለ ሕዝብ የጠየቃቸው፣ እሳቸውም መልስ የሰጡበት ሸንጎ አልነበረም። ለመንግሥት ከብትና እህል ቆጣሪ የተሾመበት ዘመን ለሰው ልጅ ቆጣሪ አልነበረውም።

ስለ ጉዞአቸውም ቢሆን እንዲሁ ነው። ከሙስሊም ባላባቶች ጋር በጋብቻ መተሳሰራቸውና በሐረርጌ ከሙስሊሙ ሕዝብ ጋር መቀራረባቸው፣ በደሴ ለአደገ ሰው እንግዳ ነገር አልነበረም። የአገሩን ሁለት ወገኖች በአንድ መንግሥት ሥር ለማስተሳሰር የታሰበ እንደነበረ የሚከራከሩ የታሪክ ሊቃውንት አሉ። ይሁን እንጂ ልጅ ኢያሱ ይህን ዓላማቸውን ለሚኒስትሮቹም፣ ለቤተ ክህነቱም፣ ለሕዝቡም በግልጽ አላስረዱም። ለወራት ከዋና ከተማው ሲጠፉ የት እንዳሉና ለምን እንደሄዱ የሚነገር ይፋ ቃል አልነበረም። ያልተብራራ ሥራ የሚብራራው በጠላት አፍ ነው። ጊዜውም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ ስለነበረ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የኢጣሊያ ሌጋሲዮኖች ወደ ቱርክና ወደ ጀርመን አዘንብለዋል ብለው በመጠርጠራቸው ሐሜቱ የውጭ ደጋፊ አገኘ።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል በዓል ዕለት፣ መኳንንቱና ካህናቱ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ተሰብስበው ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚል ክስ አቀረቡ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱት። ወይዘሮ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ደጃዝማች ተፈሪ ደግሞ ራስ ተብለው አልጋ ወራሽ ሆኑ። ተከሳሹ በዚያ ሰዓት በሐረር ነበሩ። ክሱ በሌሉበት ተሰማ፤ ፍርዱም በሌሉበት ተፈጸመ። የተቆጠረ ማስረጃ፣ የተመዘገበ ምስክር፣ የተሰማ መልስ አልነበረም። ማስረጃ የማይጠይቀውን የሌባ ሻይን ልማድ ለማሻሻል የተነሡት ሰው፣ እንደ ሌባ ሻይ ባለ ፍርድ ወደቁ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ የተከተለው በሰፊው የሚታወቅ ስለሆነ ባጭሩ እናልፈዋለን። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መንግሥት ለማስመለስ ከወሎ ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ግን ሰገሌ ላይ ድል ሆነው ተማረኩ። በእስር እንዳሉም በ1910 ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ዐረፉ። ብዙ ሺህ ሰው ያለቀበት የሰገሌ ጦርነት የተደረገው በአንድ ሸንጎ ሊመረመር ይችል በነበረ ክስ ምክንያት ነው። ልጅ ኢያሱ መቅደላ ላይ ተከበው ከቆዩ በኋላ ሰብረው ወጡ፤ ለጥቂት ዓመታትም በአፋርና በትግራይ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ዓ.ም. ተያዙ። በፍቼ ታሠሩ፤ በ1924 ዓ.ም. ከእስር አምልጠው እንደ ገና ተያዙ፤ ወደ ሐረርጌም ተወስደው በጋራ ሙለታ ታሠሩ። በዚያም ሳሉ በኅዳር ወር 1928 ዓ.ም. ሞቱ። በዚያው ወር ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የጦር መምሪያቸውን ወደ ልጅ ኢያሱ የአባት ከተማ ወደ ደሴ አዛውረው ነበር፤ ኅዳር 26 ቀንም ከተማዪቱ በኢጣሊያ አይሮፕላኖች ተደበደበች።

ስለ አሟሟታቸውና ስለ መቃብራቸው የሚነገረው እስከ ዛሬ አንድ አይደለም። ይህም ራሱ የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። የመንግሥት እስረኛ በመንግሥት እጅ ሲሞት መንግሥት ሒሳብ ያላቀረበ እንደሆነ፣ ለትውልድ የሚተርፈው ሐሜት ብቻ ነው። ያሰራቸውም መንግሥት ልጅ ኢያሱ የሠሩትን ስሕተት ደገመው፤ ያልሰጠው መልስ ከጥርጣሬ ነፃ እንዳይሆን አደረገው።

ደሴና ኮምቦልቻ በ1966 ዓ.ም. ዋዜማ

የጉዳዩ ክብደት በቤተ መንግሥት ሰዎች ዕድል ብቻ እንዳይመዘን፣ ከልጅ ኢያሱ ሞት ሠላሳ ሰባት ዓመት ያህል ዘግይቶ በዚያው በወሎ የደረሰውን ማስታወስ ይገባል። በ1965 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በድርቅ ምክንያት ተርቦ ከቀዬው እየፈለሰ ወደ ዋናው መንገድ ዳር ወጣ። በሰሜን በኩል የሚያልፈውን ተሽከርካሪ እያስቆመ ምግብ ለመነ። የኢኮኖሚ ሊቁ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እንደ ረኀቡ መጠን አልናረም። እንዲያውም ደሴንና ኮምቦልቻን ከአዲስ አበባና ከአሥመራ ጋር በሚያገናኘው አውራ ጎዳና እህል ከወሎ ወደ ውጭ ይወጣ እንደነበር ተዘግቧል። የተራበው ሰው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው፣ ገበያው ረኀቡን አላሳየም።

ገበያ የማያሳየውን ማሳየት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፋንታ ነበር። ይሁን እንጂ የክፍለ ሀገሩ ችግር በይፋ እንዳይነገር ተደረገ። እውነቱ የወጣው በዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ጥረት፣ በኋላም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን በታየው ፊልም ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወሎን የጎበኙት በኅዳር 1966 ዓ.ም. ሲሆን ዓመቱ ሳይጠናቀቅ ሕዝባዊው ንቅናቄ ተቀጣጠለ። የተደበቀው ሪፖርት መንግሥቱን ከነቀፋ አላዳነውም። ነቀፋውን አዘገየው፤ በዘገየም ጊዜ ከነወለዱ መጣ።

ከዚህ የተወለደው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ይህን የተገነዘበ መሥሪያ ቤት ነበር። ኮሚሽኑ የእህል ምርት ሁኔታን እያስጠና የችግሩን መጠን አስቀድሞ የማስታወቅ ሥራ ጀመረ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ለረኀብ መጋለጡን ለለጋሽ አገሮች በይፋ አስታወቀ። መልሱ ዘግይቶ በመምጣቱ በኮረምና በሌሎችም ቦታዎች ብዙ ሕይወት ጠፍቷል። ቢሆንም የ1976ቱ ማስታወቂያ በመዝገብ ላይ በመኖሩ፣ ማን መቼ ምን እንዳወቀ ዛሬ መመርመር ይቻላል። በ1965 ዓ.ም. ግን ይህ እንኳ አልተቻለም ነበር። ችግርን በገዛ ፈቃድ መናገር ችግሩን ሁልጊዜ አያቆመውም፤ ኀላፊነቱ የማን እንደሆነ ግን ለይቶ ያሳያል።

መደምደሚያ

ከልጅ ኢያሱ ሕይወት የምናገኘው ዋና ቁም ነገር ይህ ነው፦ ሒሳብ መስጠት ለተቀባዩ ብቻ የሚደረግ ውለታ አይደለም፤ ለሰጪው ጋሻ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት በፈቃዱ ራሱን ለምርመራ የሚያቀርበው ከሁሉ በፊት ክስ በሚመጣበት ቀን የሚያቀርበው መልስ እንዲኖረው ነው። ክስ ደግሞ በማንኛውም ሥልጣን ላይ አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን ተጽፎ የተቀመጠ መዝገብ ያለው ሰው በመዝገቡ ይከራከራል። የሌለው ግን በወሬ ይፈረድበታል።

ነገር ግን ጋሻው ጋሻ የሚሆነው ሁለት ነገሮች ሲሟሉ ነው። አንደኛ፣ ሒሳቡ የሚቀርበው ከሰጪው ሥልጣን ውጭ ለሆነ አካል መሆን አለበት። ልጅ ኢያሱ ያቆሙት ምርመራ ለእሳቸው ብቻ የሚታይ በመሆኑ፣ በመስከረም 1909 ዓ.ም. ስለ እሳቸው የሚመሰክር አንድም መዝገብ አልነበረም። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ዋና ኦዲተር እንዲኖር የደነገገው፣ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 101 ዋናው ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት እንዲያቀርብ ያደረገው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋምም በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ሁለተኛ፣ ሒሳብ አቅራቢው ከታች ወደ ላይ ብቻ ሳይሆን ከላይ ወደ ታችም መናገር አለበት። የኬላ ጠባቂውን ቀረጥ የሚጠይቅ ሥርዓት የዘመቻ አዛዡን ሥራ ካልጠየቀ፣ ሕዝቡ ቁጥጥሩን የሚመለከተው እንደ ፍትሕ ሳይሆን እንደ ሌላ ዓይነት ግብር ነው።

ሕግ ይህን ሁሉ ካዘዘ በኋላም ለፈቃድ የሚተርፍ ሰፊ ቦታ አለ። ሕግ ሪፖርት እንዲቀርብ ያዛል፤ ሪፖርቱ ሰው በሚገባው ቋንቋ እንዲጻፍ ግን አያስገድድም። ሕግ የንብረት ቆጠራ እንዲደረግ ያዛል፤ የጎደለው ከመጠየቁ በፊት ጎደለ ብሎ የሚናገረው ግን የመጋዘን ኀላፊው ሕሊና ነው። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በኮምቦልቻ የእርዳታ መጋዘኖች በጦርነቱ ምክንያት ሲዘረፉና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በሁለቱ ከተሞች እደላውን ለማቋረጥ ሲገደድ እንደታየው፣ በአንድ መጋዘን ውስጥ ምን ነበረ፣ ምንስ ቀረ የሚለው ጥያቄ የብዙ ሺህ ሰዎች የዕለት ጉርስ ጥያቄ ነው። ከመከራው በፊት በሚገባ የተያዘ የንብረት መዝገብ ብቻ ነው ይህን ጥያቄ ሊመልስ የሚችለው።

የሙያ ባልደረቦቻችን በየመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኀላፊዎችን ስለ ውስጥ ቁጥጥር ሲያማክሩ፣ ሕጉን ከመጥቀስ አስቀድመው ይህን ጥቅም ቢያስረዱ መልካም ነው። ሕግን የሚፈራ ኀላፊ የሚታዘዘውን ያህል ብቻ ያሳያል። ጥቅሙን የተረዳ ኀላፊ ግን ሳይጠየቅ ይናገራል። የመንግሥትን ንብረት ያስቆጠሩት የወሎው ልጅ የራሳቸውን ሥራ ለሕዝብ ሳያስቆጥሩ ቀሩ፤ የሰገሌ ሙታን ዋጋውን ከፈሉ።